«ድገመው፣ ጋሼ»

የስልክ ምዝገባው መመሪያ ከወጣ ጀምሮ በሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስልክ ያለው ሁሉ መታወቂያውን ይዞ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ አሻራ ሰጥቶ ካልተመዘገበ በወሩ መጨረሻ መስመሩ ይዘጋል ተብሏል። ሬዲዮው ጠዋት ይናገረዋል፣ ማታ ይደግመዋል። ስልክ ኖሯቸው የማያውቁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እኛንስ ይዘጉን ይሆን?» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ግንበኛው እስከ መጨረሻው ሳምንት ቆየ። ያቆየው ስንፍና ሳይሆን ጣቶቹ ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ብሎኬት ሲደረድር፣ ግድግዳ ሲለስን የጣቶቹ ጫፍ ተልጦ ሻክሮ፣ ሻክሮ ደግሞ ተልጦ፣ በመጨረሻ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ሆኗል። ባለፈው ዓመት መታወቂያ ሲያሳድስ ጸሐፊዋ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክታ ወረቀት ላይ ብታሳርፈው የወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችና «አባቴ፣ እርስዎ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ማንም አይደርስብዎትም ነበር» አለችው። አብሯት ሳቀ። ወደ ቤት ሲመለስ ግን መንገዱን ሙሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

«ምን አስጨነቀህ?» አለችው ሚስቱ፣ የምዝገባው ነገር ሲነሣ። «ወንድሜ አለልህ አይደል? ሰው ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ የሚጠብቀው ነገር ለአንተ እደጅህ መጥቶልህ።»

እውነቷን ነበር። ታናሽ ወንድሟ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ሰው ከሚመዘግቡት ልጆች አንዱ ነው። የሰፈሩ ሰው ኔትወርክ ይለዋል። ስሙ የወጣለት ይህን ሥራ ከመያዙም በፊት ነው፤ ሲፈልጉት አይገኝም፣ ሳይጠሩት ከች ይላል ብለው። እሱም አይከፋውም። «ዛሬ ኔትወርክ አለ?» ሲሉት «አለ፣ ግን ደክሟል» እያለ ያልፋል።

እናቱ ስትሞት ገና የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅ ነበር። እህቱና ግንበኛው ያኔ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። ግንበኛው ልጁን ትምህርት ቤት አስገባው፤ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ትከሻው ላይ አድርጎ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ጢም ሲያወጣ መላጨት ያስተማረውም እሱ ነው። የራሳቸው ልጅ አልመጣም። ስለዚህ ጉዳይ በቤቱ ብዙ ተወርቶ አያውቅም፤ ልጅ አለና።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ፣ ሲሚንቶው ከክንዱ ላይ ሳይለቅ፣ ግንበኛው ወደ ጃንጥላው ሄደ። ሰልፉ እስከ መድኃኒት ቤቱ በር ደርሷል። ኔትወርክ ገና ከሩቅ አየውና ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ና ወዲህ፣ ና።»

«ተራ አለ እኮ» አለ ከፊት የቆመ ሾፌር። «እኛ እዚህ የቆምነው ፀሐይ ልንሞቅ ነው?»

«አባቴ ነው» አለ ኔትወርክ።

ሾፌሩ ጎን ብሎ አሳለፈው።  ግንበኛው ልጁ በሰው ፊት እንዲህ ብሎ ሲጠራው ሰምቶ አያውቅም ነበር። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «እንዴት ዋልክ» እንኳ ሳይል ቀረ።

ፎቶ አነሣው። ከዚያ የክብሪት ቀፎ የምታክለውን የአሻራ መሣሪያ ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። ግንበኛው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና አሳረፈ። መሣሪያዋ ጢ አለች።

«አልወሰደችም» አለ ኔትወርክ፣ ዓይኑን ታብሌቱ ላይ ተክሎ። «ድገመው፣ ጋሼ።»

ደገመው። ጢ አለች።

«ድገመው። ትንሽ ጫን በል።»

ጫን አለ። ጢ። በየመሐሉ ኔትወርክ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ቦርሳ ትናንሽ የሲም ካርድ ፖስታ እያወጣ ይቀድዳል፣ ታብሌቱን ይነካካል፣ እንደገና «ድገመው» ይላል። ግንበኛው ጢ ማለቷን እንደ ተግሣጽ ቆጠረው። ግንባሩን አላበው።

«ሽማግሌው ጣታቸውን ቤት ረስተው ነው የመጡት» አለ ሾፌሩ።

«ክርናቸውን ሞክረው» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ሰልፉ ሳቀ። ኔትወርክ ግን አልሳቀም። ከኪሱ ለስላሳ ጨርቅ አወጣና የግንበኛውን እጅ በእጁ ይዞ፣ እያንዳንዱን ጣት ቀስ አድርጎ ጠረገለት፤ እፍ አለበት። «ተዋቸው። አንተ አትቸኩል። ቢመሽም እዚሁ ነኝ» አለው በዝግታ። ግንበኛው ያን ያህል ጊዜ እጁን የያዘለት ሰው ኖሮ እንደሆነ አያስታውስም። የቀኝ እጁ ጣቶች አልቀው ወደ ግራው አለፉ። በመጨረሻ ኔትወርክ ቀና ብሎ «አለቀ፣ ጋሼ። ተመዝግበሃል» ሲለው ከአንድ ግድግዳ ልስን ይልቅ ደክሞት ነበር።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። «እኔን እኮ በአንዴ ነው የወሰደችኝ» አለች፣ ገርሟት።

«አንቺማ ምን አለብሽ፣ ቆዳሽ ቆዳ ነው» አለና እጁን መብራቱ ሥር ዘርግቶ አየው። «ልጁ ግን ትዕግሥቱ። ብታዪው።»

ይህ ከሆነ ወራት አለፉ። ግንበኛው አዲስ ሕንፃ ላይ ሥራ አገኘ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ግድግዳ ሲለስን ፎርማኑ ከሁለት ሰዎች ጋር ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ሰዎቹ የደንብ ልብስ አልለበሱም፤ ጫማቸው ግን ሲሚንቶ ረግጦ የሚያውቅ ጫማ አይደለም።

«የሚፈልጉህ ሰዎች አሉ» አለ ፎርማኑ። «ምን ሠራህ አንተ?»

«ግድግዳ» አለ ግንበኛው።

ማንም አልሳቀም። የልስን ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ አስቀምጦ ተከተላቸው።

ጣቢያው ውስጥ ያናገረችው መርማሪ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ነበረች። የኮምፒውተሩን ገጽታ ወደ እሱ አዞረችና አንድ ስልክ ቁጥር አሳየችው።

«ይህ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም። የኔ አንድ ነው፤ ዱሮ የያዝኩት።»

«ይህ ፎቶስ?»

ፎቶው የእሱ ነው። የጃንጥላው ጥላ ግንባሩ ላይ ወድቋል፤ ዓይኑ እንደደነገጠ ሰው ፈጥጧል። መርማሪዋ ወደ ታች ስታወርደው ሌላ ቁጥር መጣ፣ ከሥሩም ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ። ሁሉም ያንኑ ፎቶ ይዘዋል። ሁሉም የተመዘገቡት በአንድ ቀን፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። መርማሪዋ ልብስ ሰፊ መሆኗን ነገረችው። ልጇ አገር ጥሎ ከሄደ ቆይቷል። በዚህ ቁጥር የደወለ ሰው «ልጅሽ በእጃችን ነው፤ የምንልሽን ካልላክሽ አታገኚውም» አላት። የልጇን ስም ያውቅ ነበር። ልብስ መስፊያ መኪናዋን ሸጣ ላከች። ልጇ በሳምንቱ ራሱ ሲደውል ስለ ምን እንደምታለቅስ እንኳ አልገባውም።

«ድምፃቸውን ሰሙ» አለች መርማሪዋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ። «እሳቸው ናቸው?»

«አይደሉም። ያኛው ወጣት ነው።» ሴትዮዋ ግንበኛውን አላየችውም። «ስሙ ግን የሳቸው ነው አይደል?»

ግንበኛው ፎቶውን እንደገና አየው።

መርማሪዋ «እኔም እርስዎ ደወሉ አላልኩም» አለች። «የሲም ካርዶቹን ግን አንድ ሰው በእርስዎ አሻራ አውጥቷል። ከዚያ ጃንጥላ ሥር ወደዚህ የመጡት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ አይደሉም። መሣሪያው በድርጅት ስም ስለሆነ ብዙ ልጆች ይቀባበሉታል። የቀሩት ተመዝጋቢዎች ደግሞ መንገደኛ ናቸው፤ የመዘገባቸውን ልጅ መልክ አያስታውሱም። እርስዎ ያስታውሳሉ?»

እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ለስላሳው ጨርቅ ጣቶቹ መሐል ሲገባ ይሰማው ጀመር።

«እስከ ሰኞ ይታገሡኝ» አላት።

ፎርማኑ ዋስ ሆኖ አስወጣው። በሩ ላይ «የሲሚንቶ ሌባ ሰምቻለሁ፤ የስልክ ሌባ ግን ከኛ ውስጥ ወጥቶ አያውቅም» አለው፣ ሊያስቀው ፈልጎ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ታጣጥፋለች። ጣቢያ ወስደውት እንደነበር፣ በስሙ የማያውቃቸው ብዙ ቁጥሮች መውጣታቸውን፣ አንዲት እናት መታለሏን ነገራት። የማንንም ስም አልጠራም። በልቡ እንዴት አድርጎ እንደሚነግራት እያሰበ ነበር፤ ወንድሟ ነው፣ ያሳደገችው ነው፣ በአንድ ጊዜ ቢነግራት ትወድቃለች ብሎ።

ሚስቱ ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ስሙን ጠራህ?» አለችው።

«የማንን ስም?»

ሸሚዙን እንደገና አነሣች፤ የታጠፈውን ፈትታ እንደገና አጠፈችው። ያን ጊዜ ግንበኛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«እኔን በአንዴ ወስዳ አንተን ለምን አመላለሰችህ ብዬ ጠየቅኩት። ነገረኝ።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜውኑ። በሳምንቱ።»

«ለኔስ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ያለፈ ነገር ነው አልኩ። ሰው የሚጎዳበት መስሎኝ እንዳይመስልህ። ካርድ ነው፣ ወረቀት ነው ብዬ።»

ወንድሟ አመሻሹ ላይ መጣ። እንደልማዱ ዳቦ ይዟል። የቤቱን ዝምታ ሲያይ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቆመ። እህቱ «ያውቃል» አለችው። እሱም ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ነው የሚሠራው» ብሎ ጀመረ። «በቀን የሚፈልጉትን ያህል ካላስመዘገብክ ነገ ጃንጥላውን ለሌላ ይሰጡታል። ካርዶቹን ለአንድ ሱቅ ሰጠሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን እጅ እንደገቡ እግዜር ይወቅ። በማላውቀው ሰው ላይ ከማደርገው ብዬ ነው። አንተ አትቆጣኝም ብዬ።»

ግንበኛው የመርማሪዋን ቃል አስታወሰ፤ የቀሩት መንገደኛ ናቸው ብላለች። እንግዲህ በማያውቃቸውም ላይ አድርጓል፤ ይህችንም ዋሽቷል። ግን ለዚህ አልተከራከረም። የጠየቀው ሌላ ነገር ነው።

«መጀመሪያ ስነካት ጢ ብላ ነበር።»

«ጢ ካለች ወስዳለች ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ሁልጊዜ ጢ ትል ነበር።»

«አዎ።»

«ጣቴ ደህና ነው ማለት ነዋ።»

«ጣትህ ምንም አይል» አለ ልጁ፣ ወለሉን እያየ።

ግንበኛውን ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጠው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሲጨብጥ እንኳ ይሳቀቅ ነበር። እያንዳንዷን ጢ እንደ ተግሣጽ ሲቀበል፣ ልጁ እጁን ይዞ እፍ ሲልለት፣ ሰልፉ ሲስቅ፤ ልጁ ብቻ ያልሳቀው ለካ ሥራ ላይ ስለነበር ነው።

«ስማኝ» አለች ሚስቱ። አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ ዛሬ ነገ የምትባል። እሱን ቢያስሩት ያ ሁሉ ሰው እሱ ላይ ነው የሚነሣው። አንተን ግን ምን ያደርጉሃል? ሽማግሌ ሰው ነህ፣ በክፉ ስምህ ተነሥቶ አያውቅም። "እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት" ብትል ተቆጥተው ይለቁሃል።»

«ባይለቁኝስ?»

«ይለቁሃል አልኩህ እኮ።»

እሺም አላለም፣ እምቢም አላለም። ልጁ ሲወጣ በሩ ድረስ አልሸኘውም። ዳቦው ሳይቆረስ አደረ።

ቅዳሜ ሥራ ዋለ። ሚስቱ ጠዋት ዘመድ ልጠይቅ እሄዳለሁ ብላ ከወንድሟ ጋር ወጣች። እሑድ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ገፋው። ውስጥ ሚስቱ ልብስ ስትተኩስ ይሰማዋል። ሁለቱን ቀን እንደ ሙሽርነቷ ጊዜ ነበረች፤ ሻይ ታመጣለች፣ ትራስ ታደላድላለች፣ ድምፅዋን አታነሣም። እየለመነችኝ ነው ብሎ አሰበ። ሌላ ልመና ታውቅ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ፤ ልጅ እንኳ ለምናው አታውቅም።

ቂሙ ገና ትኩስ ነበር። ሆኖም ሐኪም ቤት ተሸክሞት የሄደው ልጅ እጁን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ «እንዳታወርደኝ» ያለው ጊዜ መጣበት። የሚወለደውን ሕፃን አሰበ። ልብስ ሰፊዋንም አሰበ፤ ለእሷ መኪናዋን በትርፍ ሰዓት ሥራም ቢሆን እገዛላታለሁ አለ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ጀርባ ስትወርድ ቁርጡን ወሰነ። ነገ መርማሪዋ ፊት ቀርቦ፣ እኔ ነኝ፣ ካርዶቹን ለመንገደኛ ሰጠሁ፣ መልኩን አላስታውስም ይላል። ለሚስቱ አልነገራትም። አድርጎት ሲመለስ ብትሰማው ይሻላል። በትዳራቸው ዘመን ከሰጣት ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ መሰለው፤ እንዲህ ሲያስብም ቂሙ ትንሽ ቀለለለት።

ሰኞ ገና በማለዳ ለብቻው ወጣ። ሚስቱ «ቀድመህ ሂድ፣ እደርሳለሁ» ብላው ነበር።

መርማሪዋ ዶሴውን ከፍታ ጠበቀችው።

«ከመጀመርዎ በፊት» አለች፣ «ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ቅዳሜ የባለቤትዎ ወንድም እዚህ መጥቶ ነበር። ራሱ ነው የመጣው።»

ግንበኛው ወንበሩን ሳብ አደረገ። ልጁ ራሱ መጥቶ ተናግሯል ማለት ነው። ያሳደግኩት ልጅ ነው አለ በሆዱ።

መርማሪዋ ማንበብ ጀመረች። ድምፅዋ እንደወትሮው ዝግ ያለ ነው። የእህቱ ባል ለብዙ ጊዜ ካርድ እንዲያወጣለት ሲለምነው እንደነበረ፤ አብረውት ለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ነው እንዳለው፤ እሱም የሚበዛ መሆኑን ነግሮት እንደነበር፤ ኋላ ግን ሰውየው ካርዶቹን እንደሚቸረችር ከሰው መስማቱን፤ አሳዳጊው ስለሆነ ደፍሮ ሳይናገር መቆየቱን።

«ምስክር አለው» አለች መርማሪዋ።

«ማን?»

«ባለቤትዎ። ካርዶቹን ቤት ውስጥ እንዳዩዋቸው ተናግረው ፈርመዋል።»

«ራሷ ፈረመች?»

መርማሪዋ ወረቀቱን አዞረችለት። ፊርማዋን ያውቀዋል። ማለቂያው ላይ የምታደርጋት ትንሽ ጭረት አለች። መስመሯ ቀጥ ያለች ናት።

ግንበኛው ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። የሚናገረው ቃል ገና አፉ ውስጥ ነበር፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት። እነሱ የጻፉትም ይህንኑ ነው። ሊሰጣቸው ያመጣውን ቀድመው ከኪሱ አውጥተውታል። አንድ ቀን፣ እሑድን ብቻ ቢታገሡ ኖሮ በእጁ ያስረክባቸው ነበር። አላመኑትም። ወይም ደግሞ ይሰጠናል ብለው ለመጠበቅ እንኳ የሚበቃ ሰው አድርገው አልቆጠሩትም። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃተው።

«ምን ይላሉ?» አለች መርማሪዋ።

«ውሸት ነው» አለ። «ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»

ተናገረ። አልቸኮለም፣ ድምፁንም አላነሣም። ሰልፉን፣ ሾፌሩን፣ «አባቴ ነው» የተባለበትን፣ ከጠረጴዛው ሥር ስለሚወጡት ፖስታዎች፣ ድገመው ስለተባለበት ብዛት፣ ዳቦው ስለመጣበት ምሽት ሁሉንም ተናገረ። መርማሪዋ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«እሱ ፊት ቀርበው ይሉታል?»

«እላለሁ።»

«ባለቤትዎም በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ።»

«ያወቀች ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ያቺ እናት መኪናዋን አትሸጥም ነበር» አለ። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጎ «እሷም ትጠየቅ» አለ።

ወደ ግቢው ሲወጣ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሚስቱ አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ትልቅ ፌስታል አለ። አብሮት የሚወጣ ፖሊስ እንደሌለ ስታይ ብድግ አለች፤ ዓይኗ ከኋላው ሰው ፈለገ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እና... እዚሁ ነው የሚያቆዩህ?»

ግንበኛው ወደ ፌስታሉ ጎንበስ አለ። ወፍራሙ ሹራቡ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ። ሹራቡ ተተኩሷል። ትናንት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲሰማው የዋለው የካውያው ድምፅ ይህ ነበር።

«ይበርድሃል ብዬ ነው» አለች።

«ይበርዳል፤ ሲሚንቶ ወለል ነው» አለ። ሹራቡን አውጥቶ ትከሻና ትከሻውን ይዞ ለካው፤ መልሶም በጥንቃቄ አጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ከተተው። «እሱን ይሰፋዋል። ስትወስጂለት እጅጌውን አጥፊለት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ፌስታሉንም ሰው የሚነጥቃት ይመስል ወደ ደረቷ ሰበሰበችው። የሆነ ነገር ብላው ነበር። ግንበኛው ግን በሩን አልፎ ወጥቷል፤ ፎርማኑ እስከ ምሳ ሰዓት እጠብቅሃለሁ ብሎት ነበር።